ትንፋሽ ሳይኖርህ ጂዩ ጂትሱ ስትጀምር

"መጀመሪያ ክብደት ልቀንስ፣ ትንሽ ልሩጥ፣ ከዛ እመዘገባለሁ" የሚል ሰው አይመዘገብም። እኔ ጂዩ ጂትሱን፣ ማለትም ፍራሽ ላይ ተያይዘው በማነቅና መገጣጠሚያ በመጠምዘዝ የሚታገሉበትን ስፖርት፣ ሳልጀምር በዚህ ሰበብ ሁለት ዓመት አባክኛለሁ። ብሮጥም ያን ያህል አይጠቅመኝም ነበር፤ ሰው ደረትህ ላይ ተቀምጦ መተንፈስ ከሩጫ ጋር አይገናኝም፣ የሚለመደውም እዛው ፍራሹ ላይ ነው። ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ብትሆንም እንዳለህ ግባ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የቆየ የጉልበትና የወገብ ችግር ካለብህ ግን ሐኪምህን ቀድመህ አማክር።

ከመክፈልህ በፊት አንድ ቀን ሄደህ ጥግ ይዘህ ተመልከት። የግድግዳው ሜዳሊያ አያታልልህ። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ አንዱ እጅ ሲሰጥ ሌላው ወዲያው ይለቃል ወይስ "ትንሽ ልጨምርለት" ይላል? አዲስ ገቢን በመጀመሪያው ቀን ለጉልበተኛ አሳልፎ የሚሰጥ አሰልጣኝ ካየህ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ጊ የሚባለውን ልብስ ለመግዛት አትቸኩል፤ ለመጀመሪያው ቀን ብዙ ቦታ ቲሸርትና ቁምጣ ይበቃል። ቁምጣው ኪስና ዚፕ ባይኖረው ይሻላል፣ የሰው ጣት ይገባበታል። ጥፍርህን ቁረጥ። ሽንት ቤት በባዶ እግርህ ደርሰህ ፍራሹ ላይ እንዳትመለስ፣ ነጠላ ጫማ ያዝ። ጭርት ከያዘህ እስኪድን ቤትህ ተቀመጥ።

ማሟሟቂያው ራሱ ሊጥልህ ይችላል። "ሽሪምፕ" የምትባል እንቅስቃሴ አለች፤ በጀርባህ ተኝተህ በእግርህ እየገፋህ ቂጥህን ወደ ጎን ታወጣለህ። ስታያት ታስቃለች፣ ግን ከስር ስትሆን ማምለጫህ እሷ ናት። ትንፋሽህ ሲቆረጥ ወደ ዳር ውጣ፣ ውሃ ተጎንጭ፣ ተመለስ። ማንም አይቆጥርብህም።

ከሁሉም በፊት ታፕ ማድረግ፣ ማለትም እጅ መስጠት፣ ልመድ። የያዘህን ሰው ገላ ሁለት ሦስቴ በመዳፍህ መታ መታ ታደርጋለህ፤ እጅህ ከታሰረ "ታፕ!" ብለህ ጩህ። እስኪያምህ አትጠብቅ። ክንድ ሲጠመዘዝ ሕመሙ ቀድሞ ይነግርሃል፣ ሂል ሁክ በሚባለው የተረከዝ ጥምዘዛ ግን ሕመሙ ሲሰማህ የጉልበትህ ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ተያዝኩ ስትል በቃ፣ መታ አድርግ። እልህ እዚህ ቦታ የለውም።

ትግሉ ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ6 ደቂቃ ዙር ነው። የመጀመሪያ ዙሬን ከእኔ ሃያ ኪሎ ከምታንስ ልጅ ጋር ነበር የታገልኩት። "እንዳልጎዳት" ብዬ አስቤ ነበር፣ አይ እኔ! ጥርሴን ነክሼ፣ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አውጥቼ ስገፋ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ዛለ። ደረቴ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል አየችኝና "ተንፍስ እንጂ" አለችኝ። ለካ ትንፋሼን ይዤው ነበር።

አብዛኛው ጀማሪ ቶሎ የሚደክመው እንዲህ ነው። አየሩን በረጅሙ ማስወጣት ካቃተህ ጉልበት እያበዛህ ነው፣ ቀንስ። ሰው ላይህ ሲቀመጥ ክንድህን ዘርግተህ ወደ ላይ አትግፋው፣ እጅህን በነፃ እየሰጠኸው ነው። ክርንህን ከጎድንህ አጣብቅ፣ በጎንህ ዙር፣ ከዛ ሽሪምፕ። ብራዚላዊው የጂዩ ጂትሱ ታጋይ ሮይስ ግሬሲ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ዩኤፍሲ በሚባለው የተለያየ ስፖርት ተፋላሚዎች በሚገጥሙበት ውድድር፣ በመጀመሪያው ዝግጅት በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ያሸነፈው 80 ኪሎ ገደማ እያለ ነው፤ ከመሃላቸው እሱን በክብደት የሚበልጠው ነበር። ጉልበት ማነስ ለዚህ ስፖርት አዲስ ነገር አይደለም።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል። በሞቅታ አምስት ቀን የጀመረ ሰው በወሩ ሲጠፋ አይቻለሁ። አንገትህ፣ ጣትህ፣ ጎድንህ ያምሃል፣ ያ የሚጠበቅ ነው፤ ሹል ሕመም ወይም እብጠት ከሆነ ግን እረፍ። ሰማያዊ ቀበቶ፣ ከጀማሪው ነጭ ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት አካባቢ ይወስዳል፣ አሁን አታስበው።

በሦስተኛው ወር ያቺው ልጅ ደረቴ ላይ ተቀመጠች። ክርኔን አጣበቅኩ፣ ተነፈስኩ፣ በጎኔ ዞርኩና አንድ እግሯን በእግሮቼ መሃል ያዝኩ። ከዛ አንገቴን አነቀችኝ። መታ መታ አደረግኩ። ሰዓቱን ቀና ብዬ ሳይ ገና ሦስት ደቂቃ ይቀራል፣ እጅ ለእጅ ተነካክተን ቀጠልን።