ፍሪጁን አጥፍቶ ጊታር መቅዳት

እኔ የምቀዳው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ዕቃዬ አንድ አኩስቲክ ጊታር፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ ትንሽ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን)፣ ያረጀ ላፕቶፕና ሄድፎን ነው። የምቀዳበት ሶፍትዌር ሪፐር ነው። ልጆች «ምን ፕለጊን ነው የምትጠቀመው?» ይሉኛል፤ ድምፅ ማሳመሪያ ተጨማሪ ሶፍትዌር ማለታቸው ነው። እኔም «ክሩን መቼ ቀየርከው?» ብዬ እመልሳለሁ። የሞተ ክር በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ) አይነሳም። ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት አዲስ ክር ይግባ። ሳብ ሳብ ተደርጎ ይላመድ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ይቃኝ።

የኮንዶሚኒየም ባዶ ግድግዳ ድምፅን እንደ መታጠቢያ ቤት ያስተጋባል። ስፖንጅ ለመግዛት አትሩጡ። እኔ የቁም ሳጥኑን በር እከፍታለሁ፤ ልብሱ ድምፅ ይውጣል። ከጀርባዬ ቡልኮ እሰቅላለሁ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ። ተለጥፎ ከሚሰቀል ይልቅ እንዲህ ይሻላል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ቡልኮም አይዘውም። ስለዚህ ጥግ ላይ አትቀመጡ።

የምጀምረው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ነው። ያኔ ፍሪጁ ይሰማል። አንዴ አጥፍቼው ረሳሁትና ለበዓል የተገዛው ሥጋ ተበላሸ። ባለቤቴ «እንግዲህ ጊታርህን ቀቅለህ ብላ» አለችኝ። አሁን ፍሪጁን ሳጠፋ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሳልከፍተው ከቤት አልወጣም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ «እምምም» የሚል ድምፅ ከገባም ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ እምምታው 50፣ 100፣ 150 ላይ ይቀመጣል።

ማይኩን 12ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ፊት ለፊት፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አድርጉት። የጊታሩ ቀዳዳ ፊት ከሆነ ቡም ቡም ይላል። ሰው ካገኛችሁ እሱ ይጫወት፤ እናንተ ሄድፎን አድርጋችሁ ማይኩን ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱ። ጆሮአችሁ «እዚህ!» የሚልበት ቦታ አለ። በ24 ቢት ቅዱ። ከፍተኛው ምት ከዜሮ (ድምፁ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ቀይ መብራት ሲበራ ደስ የሚለው ሰው አውቃለሁ፣ ቅጂው ሁሉ የተሰነጠቀ ነው።

ችክችካ ስትቀዱ ሶፍትዌሩን አትመኑ። ሲከፈት 4/4 ነው። ወደ 6/8 ቀይሩት። ክሊኩም (ጊዜ የሚቆጥርላችሁ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ) ስድስቱን ሁሉ አይቁጠር። እጅ ይደርቃል፣ ችክችካው እንደ ወታደር ሰልፍ ይሆናል። አንደኛውና አራተኛው ላይ ብቻ ይምታ። መሃሉን እጃችሁ ይሙላው።

ቅኝቱንም ከመቅዳት በፊት አስቡበት። ዘፋኙ በአምባሰል ከሲ (C) ተነስቶ ሲዘፍን ጊታሪስቱ ሙሉ ሲ ሜጀር ቢመታ፣ ኮርዱ ውስጥ ያለችው ኢ ከቅኝቱ ውጪ ናት። አምባሰል ላይ ያለው ኤፍ ነው። ይህንን ጠብ በሚክስ (ቅጂዎቹን አመጣጥኖ በማዋሃድ) አትፈቱትም። ሲና ጂ ብቻ መምታት ይበቃል፣ እንዲያውም ያምራል።

ጊታሩ ሰፋ እንዲል ከፈለጋችሁ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ተጫወቱት፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። አንዱን ቅጂ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ያው መሃል ላይ ተቀምጦ ይጮኻል እንጂ አይሰፋም።

ሚክሱ ላይ መጀመሪያ ወፍራሙን ክፍል ቁረጡ። የጊታሩ ወፍራሙ ኢ ክር 82 ኸርትዝ ገደማ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው አይጠቅምም። ቤዝ ጊታርና ከበሮ ካሉ ግን ከ100 እስከ 120 በታች ያለውን ያለ ርኅራኄ አውጡ። ለብቻው ስትሰሙት ይቀጥናል። ለብቻው አትስሙት! አድማጭ ለብቻው አይሰማውም። ጭቃ ጭቃ ካለ ከ200 እስከ 300 መካከል 3 ዴሲቤል ያህል ቀንሱ። ክራር ካለ ጊታሩን ወደ ሌላኛው ጎን ግፉት። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ክራሩ ነው የሚጎዳው።

ኮምፕሬሰር (ጎልቶ የሚወጣውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው) 3 ለ 1፣ አታኩ (ሥራ እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ። ካፈጠናችሁት የጣት ምቱ ይሞታል። ሪቨርብ (የምትጨምሩት ማስተጋቢያ) ለትዝታ ረዘም ቢል ያምርበታል። ለችክችካ ግን ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይለፍ፤ ካለፈ በምቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። በስልክም ስሙት። እኔ ሰፈራችን ያለ የሚኒባስ ሾፌር አለኝ፣ ተራ ሲጠብቅ ይከፍትልኛል። ቤዙ ጊታሩን ከዋጠው እዚያ ይጋለጣል። ረዳቱ በበሩ ላይ መታ መታ ካደረገ ችክችካው ገብቷል ማለት ነው። ለሰው በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ ዋቩን (ያልታመቀውን የድምፅ ፋይል) እንደ ፋይል ላኩት። ከስፒከር ወደ ስልክ ቀድታችሁ በቮይስ ከላካችሁት፣ ያ ሁሉ ቡልኮ የተሰቀለው በከንቱ ነው።