የቤተ ሙከራ አይጦችን ቀንና ሌሊት መገልበጥ

አይጥ የሌሊት እንስሳ ነው። እኛ ጋውን ለብሰን በምንገባበት ሰዓት እሱ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የሚበላው፣ የሚሯሯጠው፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚላፋው በአብዛኛው በጨለማ ነው። ስለዚህ የባህሪ ሙከራ በቀን የሚሠራ ሰው የሚለካው ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ እንስሳ ነው። ይህን ለማስቀረት ጨለማውን ወደ ሥራ ሰዓት አምጡት።

መብራቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይብራ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጥፋ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ይህ ትልቅ ምቾት አለው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት መብራት ከበራ 3 ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ ከጨለመ 3 ሰዓት። መዝገብ ላይ መደመርና መቀነስ የለም።

መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሁን። በጥርስ የሚዞረው ታይመር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል፤ ኃይል ለ2 ሰዓት ከተቋረጠ ከዚያ በኋላ ዑደቱ በሙሉ 2 ሰዓት ይዘገያል፣ ማንም ልብ ሳይል።

ከዚያ ጨለማውን ፈትሹ። መብራቱን አጥፍታችሁ ክፍሉ ውስጥ 10 ደቂቃ ቁሙ። ዓይን ሲለምድ በበሩ ሥር የሚገባው የብርሃን መስመር፣ የማሽኑ አረንጓዴ ነጥብ ሁሉ ይታያል። በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የጨለማውን ጊዜ ሙሉ የሚገባ 0.2 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብርሃን እንኳ የአይጥን ሜላቶኒን፣ ማለትም በጨለማ የሚመነጨውን ሆርሞን፣ በእጅጉ እንደሚቀንስ ታይቷል። በጨለማው ክፍለ ጊዜ ስትሠሩ ደብዛዛ ቀይ መብራት ተጠቀሙ፣ ስትጨርሱ አጥፉት። አይጥ ቀይ ጨርሶ አያይም የሚባለው ማጋነን ነው፤ ደመቅ ካለ ያያል።

በብርሃኑ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሉክስ መለኪያውን ኬጁ ውስጥ አስገብታችሁ አንብቡ። መተላለፊያው ላይ የተለካው ቁጥር ስለ ላይኛው መደርደሪያ ምንም አይናገርም፤ አምፖሉ እዚያ ቅርብ ነው። እንደ ዊስታር ያሉ ነጭ አይጦች ዓይናቸው ቀለም ስለሌለው ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል) በደማቅ ብርሃን ይጎዳል፤ ምርጫ ሲያገኙ ከ25 ሉክስ በታች ያለውን ጥግ ይይዛሉ። የላይኛውን ረድፍ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን ሸፍኑ፣ በየኬጁም መደበቂያ ቱቦ አኑሩ።

ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት ጠብቁ። መልመዳቸውን መኖ ይነግራችኋል፦ መብራት ሲበራና ሲጠፋ መዝኑት። አብዛኛው የሚያልቀው በብርሃን ከሆነ ገና ናቸው፤ ወይም አንድ ሰው ለጽዳት ገብቶ መብራት እያበራ ነው።