የንባብ ክበብ የዓመቱን መጻሕፍት እንዴት ይመርጣል?

ለዓመታት የዘለቀን የንባብ ክበብ የሚያዳክመው መጥፎ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ጥሩ መጽሐፍ ያለ ወሩ ሲመደብም አባላት ሳያነቡ ይመጣሉ፣ ከዚያም ይቀራሉ። ስለዚህ በጳጉሜን ስትሰበሰቡ ከመጽሐፍ በፊት የቀን መቁጠሪያ አውጡ።

ደሴና ኮምቦልቻን በመሳሰሉ የወሎ ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ስለሚያነቡ የሁለቱንም ጾም አስሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚገባ የአምናውን መርሐ ግብር መገልበጥ አያዋጣም። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተዋል። አንዱ ከሥራ ወደ ቅዳሴ፣ ሌላው ከማፍጠሪያ ወደ ተራዊህ በሚሄድበት ወር ቀጭን መጽሐፍ ይበቃል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው «ጦቢያ» በጥቂት ምሽቶች ያልቃል። ከ500 ገጽ በላይ ያለውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ለክረምት አቆዩት፤ የደሴ ሐምሌ እንደሆነ ከቤት አያስወጣም።

ቀጥሎ ጥቆማ ነው። ጠቋሚው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበና በእጁ ይዞ የመጣ ይሁን። «ሰው ሁሉ ያወራለታል» ምክንያት አይሆንም። ማወደሱን ትቶ ከመሐል አንድ ገጽ ያንብብ፤ የመጀመሪያውን ገጽማ የትኛውም ደራሲ አሳምሮ ይጽፈዋል። ከዚያ መጽሐፉ በምን እንደሚያከራክር ይናገር። ሁሉም «ደስ ይላል» ብሎ የሚስማማበት መጽሐፍ ቡናው ቶና ሳይደርስ ወሬ ያልቅበታል።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ቅጂ ቁጠሩ። ብዙ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ገበያ ላይ የሉም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን፣ ቤተ መጻሕፍትንና የአባላትን መደርደሪያ ጠይቁ፤ ለሦስት ሰው አንድ ቅጂ ካልተገኘ ለከርሞ ይቆይ። ፎቶ ኮፒ አባዝቶ ማደል የደራሲውን እንጀራ መንካት ነው።

ድምፁ በሽምብራ ይሁን። በየመጽሐፉ ፊት አንድ የቡና ስኒ አስቀምጡና በመጋረጃ ከልሉ። እያንዳንዱ አባል አምስት ፍሬ ይዞ ብቻውን ይግባ፤ ቢፈልግ ይበትን፣ ቢፈልግ ሁሉንም አንዱ ስኒ ውስጥ ይጨምር። እጅ በማውጣት ከሆነ ጋሼ ካነሱ በኋላ ወጣቶቹ ዝም ብለው ይከተላሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ተማሪውም ጡረተኛውም እኩል ነው።

ዐሥር መጽሐፍ ለዓመቱ ይበቃል። አንድ ወር ለወሎ ታሪክ ወይም ለመንዙማ ግጥሞች ያዙ፤ አንዱን ደግሞ በዓመቱ መሐል ለሚታተም አዲስ ሥራ ባዶ ተዉት። ሁለት ዓመት ተጠቁሞ የወደቀ መጽሐፍ ካለ በሦስተኛው ዓመት ያለ ድምፅ ይግባ፤ ጠቋሚው ይህን ያህል ካልተወው መጽሐፉ አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።