ስለ ናርዋል ሲጽፉና ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ናርዋል በአርክቲክ ባሕር የሚኖር የዓሣ ነባሪ ዝርያ ነው። እሱን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ላይ በወጣው ረጅም ነገር ይጀምራሉ፤ የሚያልቁትም እዚያው ነው። እንስሳውን የሚያስረዳው ግን የብርዱን ወራት የሚያሳልፍበት የባሕር በረዶና ከበረዶው ሥር ያለው ጥልቅ ውኃ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህንን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ቀንድ አለው ማለት። ቀንድ ሳይሆን ጥርስ ነው። በላይኛው መንጋጋ በግራ በኩል ያለው ክራንቻ ከንፈርን በስቶ ይወጣና ወደ ግራ እየተጠመዘዘ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። በብዛት የሚታየው በወንዶቹ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች የላቸውም። «የሚያድነው በእሱ ነው» የሚለው አባባልም የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሴቶቹ ያለ እሱ በልተው ይኖራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ከኑናቩት፣ ካናዳ፣ በድሮን የተቀረጸ ምስል ናርዋሎች ትናንሽ ዓሦችን በጥርሳቸው መትተው ሲያደነዝዙ አሳይቷል። ጥርሱ ለዚህም ያገለግላል፤ የህልውናቸው መሠረት ግን አይደለም።

ከፔንግዊን ጋር አብሮ መሳል። ፔንግዊን በደቡብ፣ ናርዋል በሰሜን ነው። አብዛኞቹ ናርዋሎች የሚኖሩት በካናዳው ባፊን ደሴትና በምዕራብ ግሪንላንድ መካከል ባለው ባሕር ነው። የቀሩት በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶችና በሩሲያ ሰሜናዊ ደሴቶች አካባቢ ይገኛሉ።

ኑሮውን በሐምሌና በነሐሴ መለካት። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በእነዚህ ወራት ናርዋሎች ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚጠጉ ፎቶውም ቪዲዮውም የሚነሣው ያኔ ነው። ሆኖም ተመራማሪዎች በዚህ ወቅት የተያዙ ናርዋሎችን ሆድ ሲመረምሩ ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ሆኖ አግኝተውታል። ዋናው መብል የሚበላው በብርዱ ወራት፣ በባፊን ባሕረ ሰላጤ መሐል ነው። እዚያ ውኃው ከ95 በመቶ በላይ በበረዶ ይሸፈናል፤ ናርዋሉ በስንጥቆቹ እየተነፈሰ ከ1,000 ሜትር በታች ይጠልቃል፣ በባሕሩ ወለል አጠገብ ያለውን የግሪንላንድ ሃሊበት የተባለ ዓሣ ይበላል፣ 25 ደቂቃ ያህል ቆይቶም ይመለሳል። በየዓመቱም ወደዚያው ቦታ ይመላለሳል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻውን ብቻ ጠብቆ ጥልቁን ባሕር ለዓሣ አጥማጅ መርከቦች ክፍት መተው የናርዋሉን ምግብ አሳልፎ መስጠት ነው። ካናዳ ዲስኮ ፋን በተባለው አካባቢ ወለሉን የሚነኩ ማጥመጃዎች ላይ ገደብ የጣለችው የናርዋሉን የብርድ ወራት ምግብና የቀዝቃዛ ውኃ ኮራሎችን ለመጠበቅ ነው። ይህ ጥልቅ ውኃ ለሰው እጅግ አስቸጋሪ ከመሆኑ የተነሣ ሳይንቲስቶች የሙቀት መለኪያ በናርዋሎች ጀርባ ላይ አስረው ልከዋል፤ በ2010 የታተመው ውጤትም የባሕረ ሰላጤው ጥልቅ ውኃ መሞቁን አረጋግጧል።

በረዶውን መጠለያ ብቻ ወይም ጠላት ብቻ አድርጎ ማቅረብ። ሁለቱንም ነው። ናርዋል የጀርባ ክንፍ ስለሌለው ከበረዶ ሥር እንደልቡ ይዋኛል፤ ረጅም የጀርባ ክንፍ ያላቸው ኦርካዎች (ናርዋልን የሚያድኑ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች) ግን ጥቅጥቅ ያለ በረዶ ውስጥ መግባት አይወዱም። በረዶው ሲሳሳ ኦርካዎቹ ይገባሉ። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኦርካ በአካባቢው ካለ፣ በቅርብ ባይሆንም እንኳ፣ ናርዋሎች ከለመዱት ውኃ ለቀው ዳርቻው ሥር ይጠጋሉ፤ ቦታቸውን ለመልቀቅ መነከስ አያስፈልጋቸውም። በሌላ በኩል በረዶው በድንገት ሲዘጋ መተንፈሻ ያሳጣል። በ2008 ፖንድ ኢንሌት በተባለው የካናዳ መንደር አቅራቢያ ከ600 በላይ ናርዋሎች በዚህ መልክ ታግተው፣ መውጫ እንደሌላቸው ሲታወቅ በመንደሩ አዳኞች ተገድለዋል።

ሰውን ከሥነ ምህዳሩ ማስወጣት። ናርዋል ዓሣ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ ይበላል፤ እሱን ደግሞ ኦርካና የዋልታ ድብ ያድኑታል፣ ሬሳውን የግሪንላንድ ሻርክ ይበላዋል። በጥልቁ ባሕር የተገኘ ምግብ ወደ ላይ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። የዚህ መንገድ አንዱ ጫፍ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ናቸው። ማታክ የሚሉት ቆዳና ስብ ቫይታሚን ሲ ስላለው፣ አትክልት በማይበቅልበት አገር ለዘመናት ጤናቸውን ጠብቋል። አደኑን እንደ ጭካኔ ብቻ የሚያቀርብ ጽሑፍ ይህን ሕዝብ ይበድላል።

ስለ ሁሉም ናርዋሎች በአንድ ቃል መፍረድ። «ሊጠፋ ነው» የሚለው ልክ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2017 ስጋቱ አነስተኛ ከሆነባቸው እንስሳት ጎን መድቦታል፤ ለመራባት የደረሱት ቁጥር ወደ 123,000 ተገምቷል። «ምንም አይሆንም» የሚለውም አያስኬድም። ምግቡ በጥቂት ዝርያዎች ላይ የተወሰነ፣ ቦታ የመቀየር ልማዱም ደካማ በመሆኑ በ2008 የወጣ ግምገማ በአየር ንብረት ለውጥ ክፉኛ ሊጎዱ ከሚችሉ የአርክቲክ አጥቢዎች መካከል አስቀምጦታል። የደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ መንጋዎች በእጅጉ ተመናምነዋል፤ የባፊን ባሕረ ሰላጤዎቹ ግን አሁንም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የየትኛው ባሕር ናርዋል እንደሆነ ይጻፍ።