የቤተሰብን አሮጌ ፎቶ ከጣና እርጥበት ማዳን፣ በፎቶው ያሉትንም ሰዎች መለየት

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ፎቶ ያለው ቤተሰብ ሁለት ነገር ይሽቀዳደመዋል፤ የሐይቁ እርጥበትና የአዛውንቶቹ ዕድሜ። እኔ የማስቀድመው አዛውንቶቹን ነው። ወረቀቱ አንድ ክረምት ሊያልፍ ይችላል፤ የአባቴን ሚዜዎች በስም የሚያውቋቸው ግን ዛሬ አክስቴ ብቻ ናቸው።

ዋናውን ፎቶ ይዛችሁ አትዙሩ። በስልክ አንሱና የእያንዳንዱን ሰው ፊት አጉልታችሁ አሳዩ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ትንሿን ፎቶ «አላውቀውም» ብለው ይመልሷታል። «ይሄ አጎቴ አይደለም?» ብሎ መጠየቅም አይበጅም። አክስቴ ሰው ላለማሳፈር «ይሆናል» ይላሉ፤ ያ «ይሆናል» በልጅ ልጆች ዘመን እርግጥ ሆኖ ይቀራል። ከሰውየው ይልቅ ከዕለቱ ጀምሩ፦ የማን ሠርግ ነው? ግቢው የማን ነው? ሕፃኑን ያቀፈችው ከየት የመጣች ናት? ቡና ሲፈላ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ጎረቤትም ይገባበታል። ሁለት አዛውንቶች መከራከር ሲጀምሩ እኔ ስልኬን ድምፅ መቅረጫ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ።

ስሙን ስትጽፉ «እታለም» ወይም «ጋሼ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ጋሼነቱ ለእናንተ እንጂ ለልጆቻችሁ አይደለም። ከነአባት ስም፣ የቤት ስምና የክርስትና ስም ጨምራችሁ ጻፉ። አያቴ በመታወቂያ ሌላ፣ በቤት ሌላ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወለተ ማርያም ነበሩ፤ በሦስት ፎቶዎች ጀርባ ሦስት የተለያዩ ሴቶች መስለው ኖረዋል። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁም መዝግቡ። ያልተረጋገጠውን «ይመስለኛል ብለዋል» በሉት። ብዙ ሰው ያለበትን ፎቶ ቅጂ አሳትሙና በቅጂው ላይ ለየሰዉ ቁጥር ስጡ፤ «ከግራ ሦስተኛ» የሚለው ወንበር ላይ የተቀመጡትንና የቆሙትን ያምታታል።

የሚያውቅ ሲጠፋ ፎቶው ራሱ ይጠየቃል። መጀመሪያ ጀርባውን እዩ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ከተማውን ይነግራችኋል። 1964 የሚል ካገኛችሁ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሳትለዩ አትመዝግቡ፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ ያገባችውን ልጅ ታደርጋታላችሁ። ከኋላ የቀበሌ ሰሌዳ ከታየ ከ1967 ዓ.ም. አይቀድምም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም ፖሊ ቴክኒኩ ካለበት ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ የተነሱት አሮጌው ላይ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. አዲሱ ከመመረቁ በፊት ሊሆን ይችላል። የሴቶቹንም አለባበስ ልብ በሉ፦ ነጠላው ጥለቱን ወደ አንገት አድርጎ ከተለበሰ ቤቱ ሐዘን ላይ ነበር፤ የሞተው ማን እንደሆነ ከታወቀ ዓመቱም ይታወቃል። በዚህ መንገድ ያገኘሁት ዓመት ከማኅተም ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ምስሉን የያዘው የላይኛው ሽፋን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃል። ስለዚህ በክረምት ወደ ውጭ በሚያይ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ሳጥኑንም መሬት ላይ አታኑሩ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን አትላጡት፤ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበምና ላሚኔት ማድረግ ፎቶ ያበላሻሉ፤ ተራ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ምስሉ ገጽ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ ጀርባው ፕላስቲክ የመሰለ ከሆነ ስሙን በፖስታው ላይ ጻፉ። የረጠቡ ፎቶዎች ከተጣበቁ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ለዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጥላ አድርቁ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ሻጋታ ያለበትን ካደረቃችሁ በኋላ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ።

ስካን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን፤ ስካነር ከሌለ መስኮት አጠገብ ፍላሽ ሳታበሩ በስልክ አንሱ። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» በሚለው ላኩ፤ በፎቶ መልክ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል። ስሞቹንም ከምስሉ ሥር በተጨመረ ነጭ ቦታ ላይ ጻፉባቸው። አዲስ አበባ ያሉት የአጎቴ ልጆች የሁለት ሰዎችን ስም ያረሙልኝ እንዲህ የተጻፈውን አይተው ነው።