ለዩሮቪዥን ዘፈን ስትመርጡ
ለአውሮፓው የዘፈን ውድድር ለዩሮቪዥን የአገራችሁን ዘፈን የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓት ያዙ። ከ3 ደቂቃ ያለፈ አይገባም። መድረክ ላይም ከ6 ሰው በላይ አይወጣም።

እኔ እያንዳንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፤ አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዴ ዘፋኙን እያየሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ሥራ እየሠራሁ። ሳላስበው ካንጎራጎርኩት ምልክት አደርግበታለሁ።

የስቱዲዮ ቅጂ ብቻ ሰምታችሁ እንዳትወስኑ! መሪ ድምፁ በቀጥታ ነው የሚዘፈነው። እየተንቀሳቀሰ ትንፋሽ የሚያጥረው ዘፋኝ ያሳዝነኛል፤ ግን አልመርጠውም።

የምርጫውን ድምፅ፣ ስዊድን የዩሮቪዥን ዘፈኗን እንደምትመርጥበት እንደ ሜሎዲፌስቲቫለን ውድድር፣ ለዳኞችም ለሕዝብም አካፍሉ። በዩሮቪዥን ፍጻሜም ነጥቡ የሚመጣው ከሁለቱም ነው። ቋንቋውን ለዘፋኙ ተዉለት፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ምርጫው ነፃ ነው። እኔን ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲዘፍን ይበልጥ ልቤን ይነካኛል።