የኦፕን ሶርስ ኮድ ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ለቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ ሁልጊዜ ከባዶ መነሣት አይጠበቅበትም፤ ሌሎች የጻፉትንና ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የፈቀዱትን ኦፕን ሶርስ ኮድ ወስዶ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንዲሠራ አድርጎ ማስረከብ ይችላል። ይህን መብት የሚሰጠው ግን ከኮዱ ጋር የተያያዘው ላይሰንስ (የፈቃድ ጽሑፍ) ስለሆነ፣ ላይሰንሱ ሳይነበብ የተጀመረ ሥራ ከሚከተሉት ስህተቶች በአንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ስህተት በነፃ የተገኘ ኮድ ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ ነው። በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። ጥቂት ግዴታ ብቻ የሚጥለው ኤምአይቲ የተባለው ላይሰንስ እንኳ የቅጂ መብት መግለጫውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር አብረው እንዲሄዱ ያዛል፤ ስለዚህ በፋይሉ አናት ላይ ያለውን የቀድሞ ጸሐፊ ስም አጥፍቶ የራስን ስም መተካት ክልክል ነው።

ሁለተኛው ለውጡን ሳይገልጹ ማለፍ ነው። ጂፒኤል የተባለው ላይሰንስ ስሪት 2 በተለወጠው ፋይል ላይ መለወጡና ቀኑ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ አፓቼ 2.0 የተባለው ላይሰንስም ፋይሉ መለወጡ እንዲገለጽ ያዛል። «የክፍያ ስሌቱ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል» የሚል አንድ መስመር ከአሻሻዩ ስም ጋር ማስፈር አይከብድም። ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም የተያዘው የለውጥ ታሪክ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ዚፕ ፋይል ብቻ የተረከበ ደንበኛ ዘንድ አይደርስም።

ከሁሉም የሚከብደው ፕሮግራሙን ሰጥቶ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ባለሙያ አንብቦ ሊያሻሽለው የሚችለውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ማስቀረት ነው። አጋሮ አካባቢ ያለ ማኅበር ገበሬው ያስረከበውን እሸት ቡና በኪሎ የሚመዘግብ የአንድሮይድ አፕሊኬሽን ተሠራለት እንበል። አፕሊኬሽኑ በጂፒኤል ከተለቀቀ ኮድ የተሻሻለ ከሆነ፣ ማኅበሩ የተሻሻለውን ሶርስ ኮድ፣ አፕሊኬሽኑን እንደገና ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ስክሪፕቶች (የትእዛዝ ፋይሎች) ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አለው። ለሥራው ዋጋ መጠየቅ አልተከለከለም፤ ኮዱን ለሌላ እንዳያስተላልፍ ደንበኛውን በውል ማሰር ግን ላይሰንሱን ይጥሳል። በእኔ እምነት ከግዴታዎቹ ሁሉ ፍትሐዊው ይህ ነው፤ ሠሪው ከተማውን ለቅቆ ሲሄድና በለቀማ ወቅት የኪሎ ስሌቱ ሲዛባ፣ ኮዱ በእጁ ያለ ማኅበር ሌላ ባለሙያ ጠርቶ ያስጠግናል፣ ኮዱ የሌለው ግን ገበሬዎቹን አሰልፎ ወደ ወረቀት መዝገብ ይመለሳል።

በተቃራኒው፣ ያሻሻሉትን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ግዴታ የሚመስላቸው አሉ። ጂፒኤል ለራስ መጠቀሚያ የተሻሻለን ኮድ አውጡ አይልም፤ ግዴታው የሚጀምረው ቅጂው ለሌላ ሲተላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ከጂፒኤል ጋር የሚዛመደው ኤጂፒኤል የተባለ ላይሰንስ ስሪት 3 ግን ይለያል፤ የተሻሻለው ፕሮግራም በራስ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥም፣ በኔትወርክ ለሚጠቀሙበት ሰዎች ሶርስ ኮዱ እንዲቀርብ ያዛል።

ላይሰንሶችን ሳያመሳክሩ ኮድ መቀላቀልም ሌላ ችግር ነው። የአፓቼ 2.0 ኮድ ከጂፒኤል ስሪት 3 ጋር ይስማማል፤ በስሪት 2 ብቻ ከተለቀቀ ኮድ ጋር ግን አንድ ፕሮግራም አድርጎ ማሰራጨት አይቻልም።

ስህተቱ ተፈጽሞ ከሆነ ማረሚያው ሳይዘገይ ሶርስ ኮዱን ማስረከብና የጎደሉትን መግለጫዎች መመለስ ነው። በጂፒኤል ስሪት 3 መሠረት፣ ከመብት ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ጥሰቱን ካረመ ፈቃዱ በቋሚነት ይመለስለታል።